አይጫወትም

ጋሽ ጉልበት የተገኙት ከሕክምና ክፍሉ ወደ ውሃ ሕክምናው ገንዳ በሚያወርደው ደረጃ ግርጌ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ነው። ከዘራቸው በቀኝ እጃቸው ውስጥ ነበር፤ ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ተጠቅልለውበታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጉልበት ሲያቃኑ ስለኖሩ ነው ተማሪዎቹ ይህን ስም ያወጡላቸው። የራሳቸው የግራ ዳሌ ግን ከታመመ ወዲህ ያለ ከዘራ አይራመዱም ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ምርመራው ተጠናቆ ጠበቃት። ዲኑ ወረቀት አዘጋጅቷል፤ በወረቀቱ መሠረት ተመራቂዋ ተማሪ ትናንት ደረጃውን ወልውላ ሳታደርቅ ሄዳለች፣ መምህሩም አንሸራቷቸው ወድቀዋል። የቀረው የልጅቷ ፊርማ ብቻ ነበር።

«እጄ ይቆረጣል እንጂ አልፈርምም!» አለች ተመራቂዋ። ጠዋት ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፣ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ወልውያለሁ፣ በደረቅ ጨርቅም አድርቄያለሁ።»

«ልጄ፣ ግትርነት አይበጅሽም» አለ ዲኑ። «ብትፈርሚ በአንድ ዓመት ቅጣት ትተርፊያለሽ። እምቢ ካልሽ ግን ትባረሪያለሽ። ለምርቃትሽ ሦስት ሳምንት ነው የቀረሽ።»

«በውሸት ከምመረቅ በእውነት ልባረር።»

መርማሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ «ለምን» ነው የሚሏት፤ ያንን ቃል ሳትናገር ውላ ስለማታውቅ። አሁን ግን አልተናገረችውም። ወረቀቱን ከዲኑ እጅ ወስዳ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ይሄ እስከ ቀትር እኔ ጋ ይቆይ።»

«የኮሌጃችን ቡድን የዋንጫ ጨዋታ እኮ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው! ግቢው ፖሊስ በፖሊስ ሆኖ እንዴት...»

«አስከሬናቸው ገና አልተነሳም፣ እርስዎ ስለ ዋንጫ ያወራሉ?»

ዲኑ ሰዓቱን አየ።

ሬሳው ሲነሳ መርማሪዋ የሟቹን ቀኝ እጅ ገልበጥ አድርጋ አየች። የአውራ ጣታቸው ሥር ሽንኩርት የሚያህል አብጧል፤ ያውም ጠንክሯል፣ የአንድ ቀን እብጠት አይደለም። ወደ ሕክምና ክፍሉ ወጣች። አልጋዎቹ ተነጥፈዋል፣ የላስቲክ ገመዶቹ በየቀለማቸው ተሰቅለዋል፣ የፕላስቲኩ አጽም የቡድኑን ኮፍያ ደፍቶ ጥግ ላይ ቆሟል። የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አራት የውሃ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ የሁሉም ክዳን አስቀድሞ ላላ ተደርጎ ተከፍቷል። የሻይ ስኒው ጆሮ ወደ ግራ ዞሯል። ሰሌዳው ላይ ፊደል ቆጣሪ ሕፃን የጻፈው የሚመስል፣ የተንጋደደ አንድ ቃል አለ፦ «አይጫወትም»።

«ቀኝ እጃቸው ምን ሆኖ ነው?» አለች መርማሪዋ።

ተመራቂዋ ከንፈሯን ነከሰች። «የነገሩኝን አልናገርም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እሺ። አልጠየቅኩሽም።» መርማሪዋ ልቧ ተነካ። ለመዳን የሟች ምስጢር የማይሸጥ ሰው ካየች ቆይታለች።

ከመደርደሪያው አንድ ከዘራ አነሳችና እያነከሰች ወደ እግር ኳስ ቡድኑ አሰልጣኝ ቢሮ ሄደች። አሰልጣኙ ፊሽካው አንገቱ ላይ የማይጠፋ፣ ሹክሹክታ የማያውቅ ግዙፍ ሰው ነው።

«ቁጭ ይበሉ! ምን ሆነዋል?»

«የግራ ጉልበቴን አሞኝ ነው። ለመሆኑ ይህን ከዘራ በየትኛው እጅ ነው የምይዘው?»

«ምን ጥያቄ ነው! በሚያምዎት በኩል ነዋ!» ብሎ በግራ እጇ አስያዛት።

«ከጋሽ ጉልበት ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«በስልክ ጮህኩባቸው፤ አልደብቅም። ቡድኑ አንድ ወር ሙሉ ርቆ ልምምድ ላይ ከርሞ የተመለሰው ከትናንት ወዲያ ነው። ትናንት አጥቂዬን ለብቻው ጠርተው በአንድ እግሩ አስዘለሉትና ‹ጉልበቱ አልዳነም፣ አይጫወትም› አሉ። ተናደድኩ። ስናደድ እጮሃለሁ እንጂ ሰው አልገድልም!»

የቡድኑ ወጌሻ ደግሞ ድምፁ የለሰለሰ፣ ጥፍሩ የተከረከመ ሰው ነበር። በዚሁ ክፍል የተማረ፣ የጋሽ ጉልበት የጥንት ደቀ መዝሙር ነው። መርማሪዋ ያንኑ የከዘራ ጥያቄ ስትጠይቀው ሳያስብ ቀኝ እጇ ላይ አኖረላት።

«ከሚያምዎት እግር በተቃራኒ። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው።» ቀጥሎ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። «ጋሼ ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐሳባቸውን ለውጠው የልጁን የብቁነት ወረቀት ፈርመውልኛል። ደህና ነበሩ፤ ተሰናብቻቸው ሄድኩ።»

ፊርማው የሚያምር ነበር፤ ጅራቱ እየተጠቀለለ ወረቀቱን ይዞራል።

«ሰሌዳው ላይ ያለውስ?»

«እሱ የእሳቸው ጽሕፈት አይደለም። የእጅ ጽሕፈታቸውን በጨለማ እለየዋለሁ። የዚያች ተማሪ ተንኮል ይሆናል።»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። መርማሪዋ ወረቀቱን ተቀብላ፣ አመስግናው እያነከሰች ወጣች።

ቀትር ላይ ሁሉንም ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዲኑ ሰዓቱን ያያል፣ አሰልጣኙ ይንጎራደዳል፣ ወጌሻው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ተመራቂዋ ሰሌዳው ሥር ቆማለች። አጥቂው መለያውንና የመጫወቻ ጫማውን እንዳደረገ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

መርማሪዋ ያለ ምንም ማነከስ ገባች።

«ጉልበትዎ ዳነ?» አለ አሰልጣኙ።

«ታሞ አያውቅም» አለች። «ከደረጃ የሚወድቅ ሰው የሚጨብጠው ፍለጋ እጁን ይከፍታል። የጋሽ ጉልበት ጣቶች ግን ከዘራው ላይ አንድ በአንድ ተጠቅልለው ነበር። ስለዚህ ከሞቱ በኋላ ያስያዛቸው ሰው አለ። የታመመው ዳሌያቸው ግራ ነው፣ ከዘራው ግን የተገኘው በቀኝ እጃቸው ነው። አሰልጣኝ፣ እርስዎ ቢሆኑ በየትኛው ያስይዟቸው ነበር?»

«በግራ! በሚያማቸው በኩል።»

«ያልተማረ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ዲኑንም ጠይቄያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ግራ ነው ያሉት። በተቃራኒ የሚያስይዝ ሙያው ያለው ብቻ ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ሙያው ያላቸው ሁለት ናቸው።»

ዲኑ ተመራቂዋን ጠቆመ። «አላልኩም?»

«አልጨረስኩም። ጋሽ ጉልበት በቀኝ እጃቸው ከዘራ መያዝ አይችሉም ነበር። አውራ ጣታቸው ሥር አብጧል። ጠርሙስ የሚከፍትላቸው ሌላ ሰው ነበር፣ ሻይ የሚጠጡት በግራ ነበር። ሰሌዳው ላይም የጻፉት በግራ ነው፤ ለዚህ ነው የተንጋደደው። ይህን ልጅቷ አልነገረችኝም፤ ዕቃዎቹ ናቸው የነገሩኝ።»

ተመራቂዋ ያን ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያሹ ጣታቸው አለቀ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ብዕር እንኳ መያዝ አቃታቸው። ‹እስክትመረቁ ዝም በይልኝ› አሉኝ። የጫማቸውን ክር የማስረው እኔ ነበርኩ።»

«እንግዲህ እሷ ብትሆን ከዘራውን በግራ ታስይዛቸው ነበር» አለች መርማሪዋ። «በቀኝ ያስያዛቸው ሙያውን የሚያውቅ፣ የሦስቱን ሳምንት ነገር ግን የማያውቅ ሰው ነው። ከቡድኑ ጋር አንድ ወር ርቆ የከረመ ሰው።» የብቁነት ወረቀቱን አልጋው ላይ ዘረጋችው። «ይህን የሚያምር ፊርማ ደግሞ ትናንት አመሻሽ ላይ ብዕር መያዝ የማይችል ሰው ፈረመው ይለናል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።»

ሁሉም ወደ ወጌሻው ዞሩ። እሱ የገዛ እጁን ያያል።

«ከዘራው ከደረጃው አናት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እሳቸው የደረጃውን ብረት ይዘው ነበር የሚያናግሩኝ። ስድስት ወር የአጥቂውን ጉልበት በመርፌ እያደነዘዝኩ እንዳጫወትኩት ደረሱበት። የሙያ ፈቃድህን አስነጥቅሃለሁ አሉኝ። ገፋ ነው ያደረግኳቸው። ከዘራው እላይ ቢቀር ሰው ይጠረጥራል ብዬ...»

«መርፌው ቫይታሚን ነው አላልከኝም?» አለ አጥቂው። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች ወጌሻውን ይዘውት ወጡ።

መርማሪዋ የዲኑን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ አራት ቦታ ቀደደችና ቅዳጁን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ዲኑ ግን ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነበር።

«እሺ፣ ሆነ። አሁን የልጁን መጫወት ማን ይወስናል? እንግዲህ የሚፈርም ሰው የለንም! በተጠባባቂነት እኔ ራሴ ብፈርም...»

«ተወስኗል» አለች ተመራቂዋ፣ ከሰሌዳው ሥር ፈቀቅ ሳትል።

«አንቺ ዝም በይ! ያንን አጥፊና...»

«አላጠፋም። የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

ዲኑ ሊያጠፋው ወደ ሰሌዳው ተራመደ። አሰልጣኙ መንገዱን ዘግቶ ቆመ፤ ያን ሁሉ አካሉን ይዞ ፈቀቅ አላለም። ከዚያ አልጋው ሥር ተንበረከከና የአጥቂውን የጫማ ክር ይፈታ ጀመር። ወፋፍራም ጣቶቹ ቋጠሮው ላይ ጊዜ ፈጁበት።

«ሰሌዳውን አላነበቡም?» አለ ቀና ሳይል፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ። «አይጫወትም።»