ሹፌር የሌላት ቀይ መኪና

ትንሿን ቀይ መኪና የመረጥኳት እኔው ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። ትልቋን መርጬ ቢሆን ኖሮ ያንን ሁሉ እንባ ባላፈሰስኩ ነበር።

ብራስልስ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አንድ መኪና አከራይ ግቢ ውስጥ። አክስቴ ፊሎሜና ዓይኗን የጣለችው ትልቋ ላይ ነበር። ወንበሯ የሳሎን ሶፋ ነው፤ የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ፈረንሳይ ካለው የማርያም መሳለሚያ፣ ከሉርድ፣ የምናመጣውን ጠበል ሁሉ ይችላል። አክስቴ አውሮፕላን ላይ አትወጣም። «እግዜር መሬቱን የሰጠን ልንረግጠው ነው» ትላለች። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ብራስልስ የምኖረውን እኔን ልትጠይቅ በመርከብና በባቡር መጥታ፣ ስትመለስ አብሬያት በመኪና ሉርድን አሳልሜያት፣ ባሕሩን ተሻግረን አየርላንድ ቤታችን ልንገባ ተስማማን።

ትልቋን እየዳበሰች «ይቺ ምን አነሳት?» አለችኝ።

«ምንም አላነሳትም፤ በዛባት እንጂ። የኛ ሰፈር አጥር ጎኗን ይልጣታል።»

እውነቴን ነው። ቤራ በሚባለው የአየርላንድ ገጠራችን ውስጥ መንገድ ማለት በሁለት የድንጋይ አጥር መሃል የተረሳ መሬት ነው፤ እምብርቱ ላይ ሣር ይበቅላል። ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ እስከ ቅርቡ የማሳ በር ድረስ የኋሊት መሄድ አለበት። እኔ ግን በልቤ የያዝኩት ሌላ ነበር። ከፊንባር የዳቦ መኪና ጋር ስንገናኝ የኋሊት ሳልንፏቀቅ፣ እንደ አገሬ ልጅ ቀጥ ብዬ ማለፍ አማረኝ።

ፊንባር ለቤራ መንደሮች ዳቦ የሚያዳርስ ሰው ነው። ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ግን የተቆለፈ። አብረን ነው የተማርነው። ለገና አገር ቤት በሄድኩ ጊዜ ቢጫ የሐር ሻርፕ ሰጠኝና፣ የዳቦ መኪናውን መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እኔን ሳያይ ፊት ለፊት እያየ፣ ታገቢኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ብራስልስ ጥሩ ሥራ አለኝ፤ እሱን አሮጊት እናቱና ማሳው ይዘውታል። እሺ ማለት የለመድኩትን ሁሉ ትቼ መመለስ ነው። እስከ በጋ ላስብበት አልኩት።

«ስትመጪ በቃል አትንገሪኝ» አለ። «እምቢታሽን ከአፍሽ ሰምቼ እንዴት አድርጌ ደጃችሁ ዳቦ አደርሳለሁ? መንገድ ላይ ስንተላለፍ ጣትሽን አንሺልኝ። ካላነሳሽ ይገባኛል፤ ነገሩን ሁለተኛ አላነሳብሽም።»

የኛ አገር ሹፌሮች ሲተላለፉ አመልካች ጣታቸውን ከመሪው ላይ ከፍ ያደርጋሉ። ሰላምታው ይኸው ነው። እጅ ማውለብለብ ጉራ ነው፤ ጣት አለማንሳት ደግሞ ጥል ነው፣ እስከ ልጅ ልጅ የሚሄድ።

እኔም ልቤ ቆርጦ ነበር። ሥራዬን እንደምለቅ ለአለቃዬ ነግሬያለሁ። ለአክስቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም፤ ቀድሞ መስማት ያለበት እሱ ነው።

አክስቴ ትንሿ መኪና ውስጥ ገብታ በቀኝ በኩል ተደላደለችና ፊቷን አኮሳተረች። «ሹፌር ካደረጋችሁኝ መሪውን የት ደበቃችሁት?» አለች። እኛ ዘንድ መሪው በቀኝ ነው፤ እዚያ ደግሞ በግራ። አከራዩ ሳቁን ዋጠ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ሳቅ ብቻ መስሎኝ።

ያ ጉዞ እስከ ዛሬ አፌ ላይ ይጣፍጠኛል። ፈረንሳይን ስናቋርጥ በመስኮቱ የገባው የታጨደ ሣር ሽታ፣ ጉልበታችን ላይ እየቆረስን የበላነው ኮክ፣ አቀበት በመጣ ቁጥር አክስቴ መቁጠሪያዋን አውጥታ ለመኪናዋ መጸለይዋ። ሉርድ ላይ የገዛችው የጠበል ጠርሙስ ከመብዛቱ የተነሳ እግሯን የምታሳርፍበት አጣች። እኔ ደግሞ ባገኘሁት ቀጥ ያለ መንገድ ሁሉ ጣቴን ከመሪው ላይ እያነሳሁ እለማመዳለሁ።

«ጣትሽን ምን ነካው?» አለች።

«ደንዝዞብኝ ነው።»

«ልብሽ እንዳይሆን» አለችና ወደ መቁጠሪያዋ ተመለሰች።

ከመርከቡ የወረድነው እሑድ ነው። ቤራ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ባሕሩ አዘንብላለች። አክስቴ በረዳትና ቢጫ ሻርፔን ከአንገቴ ፈትታ ራሷ ላይ ጠመጠመችው፤ አገጯን ደረቷ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። በአጥሮቹ መሃል እንደገባን የዳቦ መኪናው ከፊታችን ብቅ አለ። በእሑድ ዳቦ አይዞርም። የመጣው ለእኔ ነው።

ጣቴን አነሳሁ። ያ አልበቃኝ ብሎ፣ ጉራም ቢሆን ይሁን ብዬ፣ እጄን በሙሉ አነሳሁ። ፊንባር ወደ መኪናችን አየ፤ አፍጥጦ አየ። ከዚያ ፊቱ እንደ መብራት ጠፋ። ጣቶቹ ከመሪው ላይ ሳይነሱ አለፈን። መኪናዬ ትንሽ ስለሆነች መስታወት ከመስታወት ሳይነካካ፣ ማንም ሳይቆም፣ ማንም የኋሊት ሳይሄድ ተላለፍን። እንዲያ እንዲሆን አይደል የመረጥኳት?

አክስቴ ነቅታ «ደረስን?» አለችኝ። ደረስን አልኳት።

በሚቀጥሉት ቀናት ዳቦው አጥሩ ላይ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ድሮ ገብቶ ሻይ ሳይጠጣ የማይሄድ ሰው፣ አሁን ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ይፈተለካል። ሐሳቡን ለውጦ ነው አልኩ። ሌላ አግኝቶ ነው አልኩ። ሄጄ ልጠይቀው እነሳና ኩራቴ በሩ ላይ ይመልሰኛል፤ እጄን በሙሉ አንስቼለት ያለፈኝን ሰው ምን ብዬ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ለአለቃዬ ስልክ ደውዬ ሥራዬ ገና ካልተያዘ መልሱልኝ ብዬ ለመንኩ። አልተያዘም ነበር።

መኪናዋን የምመልስበት ቀን ደረሰ። አክስቴን ተሰናብቼ ሻርፑን እሷው ጋር ተውኩት፤ ዳግመኛ ላየው አልፈለግኩም። ብቻዬን ወጣሁ።

እዚያው አጥሮቹ መሃል የዳቦ መኪናው መጣ። እንባዬን ጠረግኩና ጣቴን እንደማላነሳ ለራሴ ማልኩ።

ፊንባር በድንገት ፍሬን ያዘ። በሩን ብርግድ አድርጎ ዘለለና ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ ሮጠ፤ የሸሸ ወይፈን የሚመልስ ነው የሚመስለው። ደንግጬ ቆምኩ። እሱ ግን የቀኙን በር ከፍቶ ግማሽ አካሉን አስገባ፤ በጉልበቱ ወንበሩ ላይ ወድቆ የእጅ ፍሬን ፍለጋ ሲዳብስ እጄን አገኘ። ቀና አለ።

«ኖሪን?»

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ሰው የሌለባት መኪና…» ትንፋሽ አጠረው። «ቁልቁል የምትንከባለል መስላኝ።»

መሪውን አየ። እኔን አየ። የተንበረከከበትን ወንበር አየ። ጆሮዎቹ ቀስ በቀስ ቀሉ።

«እሑድ ዕለት እዚህ የተቀመጠው ማን ነበር?»

«አክስቴ ናታ።»

«ሻርፑስ?»

«በርዷት ነው። ተኝታ ነበር።»

የሁለቱም መኪና ሞተር እንደበራ ነው።

«አንገትሽን ደፍተሽ ያለፍሽኝ መስሎኝ» አለ። «እኔ እኮ አንቺን ነበር የማየው።»

«እኔማ በዚህ በኩል እጄን በሙሉ አንስቼልሃለሁ። አንተ አክስቴ ላይ አፍጥጠህ!»

ልስቅ ነው ያሰብኩት፤ የመጣው ግን ልቅሶ ነው። ፊንባር ከወንበሩ አልተነሳም።

«አሁን አንሺልኝ» አለ።

ሁለት እጄን መሪው ላይ አደረግኩ፤ እንደ ወጉ። ከዚያ ጣቴን አነሳሁ። ከዳቦ መኪናው ኋላ ትራክተር መጥቶ ቆሞ ነበር፤ የሚነዳው ሽማግሌ ገበሬ እኛን አየ፣ ጣቱን ከፍ አደረገልን፣ ያን ሁሉ መንገድ የኋሊት ተመለሰ።

መኪናዋን አብረን ነው ብራስልስ ያደረስናት። ቤራ ዳቦ ያጣችበት ሳምንት እየተባለ እስካሁን ይወራል። ከተጋባን ወዲህ መኪና በተከራየን ቁጥር ፊንባር ቀኙ ወንበር ላይ ተደላድሎ ለፈረንሳዩም ለስፔኑም ጣቱን ከጉልበቱ ላይ ያነሳ ነበር፤ የሚመልስለት ሲያጣ «ምን በድለናቸው ይሆን?» ይለኝ ነበር።

ፊንባር ካረፈ ሁለተኛ በጋው ነው። ዘንድሮ ብራስልስ ሄጄ፣ አከራይዋ ልጅ የትኛው ይሻልዎታል ስትለኝ፣ ትንሿን አልኳት። በሉርድ ዞሬ፣ ባሕሩን ተሻግሬ፣ እሑድ ወደ ማታ ቤራ ገባሁ። አጥሮቹ መሃል ስደርስ ቆምኩ። ቀኙ ወንበር ላይ ቢጫው ሻርፕ ብቻ ነበር። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

ጣቴን አነሳሁ።