እስከ ማታ ጥርት ያለ ሰማይ

እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ አቅጣጫውን ቀየረ። የአየር ሁኔታ ጸሐፊው እጅጌውን ጠቅልሎ በቢሮው በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር። ብርዱ ክንዱን ሲነካው ቀና ብሎ ተራራውን አየ። ጫፉ የለም። ጥቁር ደመና ከአንገቱ በላይ ያለውን ሁሉ ውጦታል። ታላቅ ወንድሙ እዚያ ላይ ነበር።

ወንድሙ ጡረታ የወጣ አናጢ ነው። ጸደይ በገባ ቁጥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል እስካለው ማለፊያ ድረስ በእግሩ ይወጣል። ዛሬም በማለዳ ሰሌዳውን አንብቦ በቀላል ጫማና በስስ ሹራብ ወጣ። ሰሌዳው ደግሞ የጸሐፊው ነው፤ ለተራራ ተጓዦች በየጠዋቱ በጠመኔ ይጽፍበታል። ደንቡ ግልጽ ነው። ጎህ ሲቀድ ዳገቱን ወጥቶ፣ ከመንገዱ ዳር የተተከለው ቀዩ ምሰሶ ዘንድ ሲደርስ የብረት ዘንጉን በረዶው ውስጥ ይሰካል፤ ጥንካሬውን ለክቶ፣ የነፋሱን አመጣጥ አይቶ፣ ወርዶ ይጽፋል። በጸደይ ታች ያለውን ሙቀት ማመን አይቻልምና። ታች አበባው ሲፈነዳ፣ ላይ ቁሩ ገና ጓዙን አልጠቀለለም።

ጸሐፊው ግን ምሰሶው ዘንድ ከደረሰ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ጉልበቴን አሞኝ ነው ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር አልጋው ሞቆት ነው። በመስኮት አሻግሮ ያይና ይጽፋል። ሰማዩም ሦስት ሳምንት ሙሉ ገመናውን ሸፈነለት። ዛሬም «እስከ ማታ ጥርት ያለ ሰማይ፤ በረዶው የረጋ» ብሎ ጽፎ፣ ጠመኔውን ከእጁ አራግፎ ሻዩን ጠጣ።

አሁን እየሮጠ የተራራ መንገድ መሪዋ ቤት ደረሰ። ድንቢጥ ይሏታል፤ በሩን ሞልታ የምትቆም ግዙፍ ሴት ናት።

«ጋሼ ተራራው ላይ ነው» አላት።

«በየት በኩል ወጣ?»

«በጅረቱ በኩል።»

ተራራውን አየች፤ ቀጥሎ እሱን አየችው። ገመዱን ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ ጫማ ላይ የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረትም ወረወረችለት።

ዛፎቹ ከሚያልቁበት ቦታ ሲደርሱ በመንገድ የጀመራቸው ዝናብ ወደ በረዶ ተለወጠ። ነፋሱ ከጎን እየመጣ ፊታቸውን ይጠብስ ጀመር። ጭጋጉ ወርዶ ድንቢጥን ከዓይኑ ጋረዳት፤ ገመዱ ሲወጠር ብቻ ከፊቱ መኖሯን ያውቃል። እያለከለከ ወጣ። ሦስት ሳምንት የተኛ እግር ዛሬ ሩጥ ሲሉት እሺ አይልም።

ምሰሶው ዘንድ ሲደርሱ ቆሞ አላገኙትም። ወድቆ ግማሹ ግግር በረዶ ውስጥ ተቀብሯል። ድንቢጥ ጎንበስ ብላ በጓንቷ ጠረገችው።

«ይሄ ከወደቀ ቀናት አልፈዋል። መቼ ነው የወደቀው?»

ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ ምሰሶውን ለማቃናት ታገለ።

«አታውቅም» አለች። ቀጥሎ ገመዱን ጎትታ መንገዷን ቀጠለች። ብትሰድበው በወደደ ነበር።

ከዚያ ጅረቱን ተሻገሩ፤ በላዩ የተጋገረው በረዶ እንደ ድልድይ ነበር። ድንቢጥ በሆዷ ተኝታ እየተሳበች አለፈች። ጸሐፊው መሃል ሲደርስ በረዶው ከሥሩ ተደረመሰና እስከ ወገቡ ሰመጠ። ውኃው እግሩን ይዞ ቁልቁል ጎተተው። ድንቢጥ ተረከዟን ድንጋይ ላይ ተክላ ገመዱን ሳበች፤ እንደ እርጥብ ጆንያ አወጣችው።

«ተነስ፣ በብርድ እንዳትደርቅ!» አለችው።

ጥቂት እንደ ወጡ ከላያቸው ድንጋይ መንኮታኮት ጀመረ። ውርጩን ሸሽተው የሚወርዱ የተራራ ፍየሎች ናቸው፤ በየዝላያቸው ገደሉን ይንዱታል። ሁለቱ ቋጥኝ ላይ ተለጠፉ። አንዱ ድንጋይ የጸሐፊውን ግራ ትከሻ መትቶት አለፈ። ጥርሱን ነክሶ ሕመሙን ዋጠ፤ የሥራዬ ነው ብሎ አሰበ።

አናጢውን ከማለፊያው በታች፣ የቋጥኝ ጥላ ሥር አገኙት። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ኩርምት ብሏል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ጫማው በስብሶ ድንጋይ ሆኗል።

«ጋሼ!»

«መጣህ?» አለ በተሳሰረ ምላሱ። «እንደምትመጣ አውቄያለሁ።»

ድንቢጥ ደረቅ ካልሲ አጠለቀችለት፤ ካፖርቷንም አለበሰችው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች እንደ ሻማ ነጥተዋል። መጋዝ የሚይዝባቸው ጣቶች ናቸው። ጸሐፊው በትንፋሹ ሊያሞቃቸው ሞከረ፤ አልሞቁም።

መውረድ ጀመሩ። ድንቢጥ ከፊት፣ አናጢው በወንድሙ ቀኝ ትከሻ ተደግፎ። ነፋሱ ጋብ ሲል አናጢው ማውራት ጀመረ።

«ደመናውን ረፋዱ ላይ አይቼዋለሁ እኮ። ተመለስ ተመለስ አሰኝቶኝ ነበር። ከዚያ፣ ያ ልጅ በማለዳ ወጥቶ፣ በዓይኑ አይቶ ነው የጻፈው አልኩና ቀጠልኩ። ምን ሆነህ ነው የተሳሳትከው? ምሰሶው ጋ ምልክት አልነበረም?»

ጸሐፊው የሚያመልጥበት ቃል ነበረው። ተራራ ነው፤ አየሩ ድንገት ተለወጠ ቢል ጋሼ ያምነው ነበር። ድንቢጥም አታሳጣውም፤ ወሬ አትወድም። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ከጎኑ የወንድሙን ጥርስ መንገጫገጭ ይሰማል።

«አልወጣሁም፣ ጋሼ» አለ። «ዛሬም አልወጣሁም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልወጣሁም። በመስኮት አይቼ ነው የጻፍኩት።»

አናጢው ቆመ። በወንድሙ ትከሻ ላይ የነበረውን እጁን ቀስ ብሎ አነሳ። ብቻውን አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሁለተኛውን ደገመ። በሦስተኛው እግሩ ከዳውና ተንገዳገደ። ጸሐፊው ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው።

ድንቢጥ ዞራ ጠበቀቻቸው።

አናጢው ተመልሶ እጁን ወንድሙ ትከሻ ላይ አኖረ። ፊቱን ግን እስከ ታች ድረስ ወደ እሱ አላዞረም።