የምሳሌዋ ደንበኛ

ሰነድ ጸሐፊዋ ከቢሮዋ ወንበር ሥር በጀርባዋ ተንጋላ ሞታ ተገኘች። የራስ ቅሏን የሰበረው የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር አጠገቧ ወድቋል። ከዚያ በፊት ግን ክፉኛ ተደብድባለች፤ የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች አንድ በአንድ ተሰብረዋል። ደሙ እስከ በሩ ወርዶ ምንጣፉን አጨቅይቶታል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ የሟቿን አንገት አየች። የታነቀችበት ቦታ ላይ ነጭ ዱቄት ተጣብቋል። ነክታ አሸተተችው፤ ኖራ ነው።

«ጣት አንድ በአንድ የሚሰብር ሰው ተናዶ ብቻ አይደለም» አለች። «እየጠየቀ ነው።»

ይህን ስትል የሟቿ ስልክ ጮኸና አነሳችው። የሚንቀጠቀጥ የሴት ድምፅ «እህቴ፣ ደህና ነሽ? የት እንዳለሁ ነገርሽው እንዴ?» አለ። መርፌ ማንነቷን ስትናገር መስመሩ ተቋረጠ። አንዲት ሴት የሆነ ቦታ ተደብቃ እየታደነች ነው፤ ሟቿ ተናግራ ከሆነ ሁለተኛ ሬሳ ሊኖር ነው። መርፌ ማንም ከሕንፃው እንዳይወጣ አዘዘች።

ሟቿ የምትሠራበት ድርጅት ለየቤቱ የማብሰያ ጋዝ ያከፋፍላል። ስልክ የሚያነሱት ግን ሰዎች ሳይሆኑ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች ናቸው። እነሱ የደንበኛን ስልክና አድራሻ የሚያወጡበት «ደንበኛ ፈላጊ» የሚባል መሣሪያ በቅርቡ ተሠርቷል። ሟቿ የረዳቶቹን መመሪያ የጻፈች ናት፤ መቼ እንደሚፈልጉ፣ ለማን እንደሚናገሩ፣ ማን ሲጠይቅ ዝም እንደሚሉ። የሕንፃው ቁልፍ ከእሷ ሌላ በሦስት ሰዎች እጅ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የገባው መሣሪያውን የሠራው ፕሮግራመር ነው። ከሟቿ ጋር በየቀኑ ይጨቃጨቁ እንደነበር አልደበቀም። መርፌ ግን መመሪያውን የሟቿ ጠረጴዛ ላይ አግኝታ የመጀመሪያ ገጾቹን ገልጣ ስለነበር፣ ስለ ጭቅጭቁ አልጠየቀችውም።

«መመሪያው ውስጥ ለምሳሌ የተጠቀሰችው ደንበኛ የት ነው የምትኖረው?»

እንባውን እየጠረገ ፈገግ አለ። «አሮጌው የኖራ መጋዘን ውስጥ ነዋ። የሰው ቤት ጠቅሼ ሰው እንዳላስቸግር ብላ አይጥ እንኳ የማያድርበት ቦታ መረጠች። ስንቀልድባት ነው የከረምነው።»

ሁለተኛዋ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊዋ ነበረች። ስልክ የሚያነሱ ልጆቿን ያስባረረባትን መሣሪያ ዓይኑን ማየት እንደማትፈልግ ፊት ለፊት ተናገረች። መመሪያውንም ስህተት ልታገኝበት ደጋግማ አንብባው ነበር፤ ስለ ኖራ መጋዘኑ ሳታመነታ መለሰች።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኖቹ ደም መስለው እያነቡ ገባ። ሟቿን እንደ ታናሽ እህቱ ያያት እንደነበር ነገራት። መመሪያውንስ?

«ቃል በቃል አንብቤ ነው ያጸደቅኩት።»

«የምሳሌዋ ደንበኛ አድራሻስ?»

«እሱማ… ምሳሌ ምሳሌ ነው። የትም ትኑር» አለና ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ።

መርፌ ወደ መጋዘኑ ፖሊስ ላከች፤ እሷም መመሪያውን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበች። ከዚያ ሦስቱንም በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው።

«ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ የመመሪያው ጉድም መጨረሻው ላይ ነው» ብላ ጀመረች። «እንዲህ ይላል፤ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለ ደንበኛ ምልክት ይደረግበታል። አድራሻውን ማንም ቢጠይቅ፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን፣ የምሳሌዋን ደንበኛ አድራሻ ስጡ።»

ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን ጨበጠ።

«አንድ ሰው ያመለጠችውን ሴት ፈልግልኝ ብሎ ረዳቱን ጠየቀ። መቼም ተደብቃም ቢሆን ጋዝ ታዝዛለች። ረዳቱ የኖራ መጋዘኑን ነገረው። እናንተ ሁለታችሁ ይህን አድራሻ ብትሰሙ ትስቁ ነበር። እሱ ግን ሄደ። በሩን ሰበረ፤ ከኖራ በቀር ምንም አላገኘም። መታለሉ ሲገባው እውነተኛውን አድራሻ ሊያወጣጣ ኖራ በነካው በዚያው እጁ መጥቶ አነቃት። የመጋዘኑ በር ዛሬ እንደተሰበረ ፖሊሶቹ ደውለው ነግረውኛል።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ሰው ዓይኑን በጨው ታጥቦ ይዋሻል። የእርስዎን ግን ያቀላው ኖራ ነው። የጫማዎ ስፌት ውስጥም አለ።»

«ሚስቱ ለሕክምና ሄዳለች ብሎን ነበር» አለች የአገልግሎት ኃላፊዋ። «ፊቷ ላይ የነበረውን ሰንበር አይቼ ዝም አልኩ። ምነው ያኔ ተናግሬ በሆነ!»

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን አንስቶ በመርፌ ላይ ሰነዘረ። ወንበሩ ትከሻዋን መትቶ ጣላት፤ በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች ከግድግዳው ጋር አላትመው አፍንጫው እየደማ በካቴና አሰሩት።

«ማሽኑ ነው ያሳሳተኝ!» ብሎ ጮኸ።

መርፌ ትከሻዋን ይዛ ተነሳች። «ማሽኑ የተጻፈለትን አንብቧል። ያላነበቡት እርስዎ ነዎት።»

ኪሷ ውስጥ ያኖረችው የሟቿ ስልክ እንደገና ጮኸ። ያችው ሴት ናት። መርፌ ባሏ መያዙን፣ ወዳጇም መሞቷን ነገረቻት። ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች።

«ነገረችው?» አለች በመጨረሻ።

መርፌ ሥራ አስኪያጁን እየጎተቱ ሲያስወጡት አየች። አድራሻውን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። የተሰበሩት ሦስት ጣቶች ትዝ አሏት።

«አንድም ቃል አልነገረችውም» አለቻት።