በጥላው በኩል የወደቀው ደጋፊ

የጨርጨር ኮከብ ደጋፊዎች አንዴ «ጎል!» ብለው ሲጮኹ አሰቦት ቆላ ያሉ ግመሎች ይደነብራሉ፤ መቻራ ላይ ያልደረሰ ቡና ከቅርንጫፉ ይረግፋል። የተጠራጠረ ግመሎቹን ይጠይቅ። በዚያ ማለዳ ግን የጭሮው ሜዳ ጭጭ ብሎ ነበር። የደጋፊ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ህሩይ፣ ጥላው ከሚባለው፣ ጣራ ካለው የተመልካች የሲሚንቶ ደረጃ ሥር ተንጋሎ ሞቷል። ከደረጃው ጫፍ ላይ በአንድ በኩል ብቻ የታሰረ ጨርቅ ይወዛወዛል፦ «ግብር የሚደብቅ ክለብ ደጋፊውን አያኮራም»።

ኢንስፔክተር ባየች ተጠርታ መጣች። ይህች ሴት ከጎጃም ተመድባ ጭሮ ከገባች ወዲህ የምዕራብ ሐረርጌ ሌባ ግማሹ ንስሐ ገብቷል፤ ግማሹ ድሬዳዋ ገብቷል። ኳስ ግን አታውቅም። ይህን ሁሉ ጎልማሳ ከአንድ የተነፋ ቆዳ ኋላ ምን እንደሚያስሮጠው እስከ ዛሬ አልገባትም።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት ኮማንደር መኮንን። «ጨርቁን ሲሰቅል ሶፊ ገፍትሮታል። ይዘነዋል፤ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን።»

«ሶፊ ማነው?»

«ከበሮ መቺው ነዋ! በግብሩ ጉዳይ ከህሩይ ጋር ዓይንና ናጫ የሆነው።»

የግብሩ ጉዳይ ጭሮን ለሁለት ከፍሏታል፤ በአንድ አልጋ ጀርባ ተሰጣጥተው የሚያድሩ ባልና ሚስት ከከተማው አልፈው መሰላ ድረስ ይገኛሉ። ክለቡ ለተጫዋቾቹ ሁለት ደመወዝ ይከፍላል፦ አንዱ ውል ላይ የሰፈረ፣ ግብር የሚቆረጥበት፣ ድንቢጥ የማያጠግብ፤ ሌላው «አበል» ተብሎ በእጅ የሚሰጥ፣ ግብር ሰብሳቢ የማያየው፣ በሬ የሚያክል። ህሩይ «ይቁም፤ በሚመጣው እሁድ በጉባኤው ሥራ አስኪያጁን እጠይቃለሁ» ይል ነበር። ሶፊ ደግሞ «ሁሉም ክለብ ያደርገዋል፤ ብንነካው ተጫዋቹ ይበተናል» ባይ ነው።

ባየች አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ጫማው በቀይ ጭቃ ተለውሷል። የሱሪው መቀመጫና የጃኬቱ ጀርባ ነጭ ብናኝ ይዟል፤ በጣቷ ነክታ አሸተተችው። ኖራ ነው። ከዚያ ደረጃውን እያንዳንዱን እያየች ወጣች። ሌሊት የጣለው ዝናብ ከጣራው ሥር አልገባም፤ ሲሚንቶው ላይ አቧራ እንጂ የጭቃ ምልክት የለም።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ አቶ ደረጀ መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ እንዳደረጉ መጡ።

«እንደ ልጄ ነበር፣ ኢንስፔክተር። በግብሩ ብንከራከርም ይወደኛል።»

«ሲመጣ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«እዚሁ ጥላው ውስጥ፣ ከሶፊ ጎን። ባለፈው እሁድ እንኳ ጎሉ ሲገባ ሁለቱ ተቃቅፈው ሲጨፍሩ ከክብር ቦታዬ አይቻለሁ። እኔን አንድ ጨዋታ አያመልጠኝም።»

«ያቀፈውን ሰው በሳምንቱ ገፍትሮ ገደለው?»

«የሰው ሆድ ማን ያውቃል?» አሉና መሐረቡን አጣጠፉት። ደረቅ ነበር።

የሜዳው ዘበኛ አያና ገና ሳትጠይቀው ላብ አጠመቀው።

«ሌሊት የት ነበርክ?»

«እዚሁ… እውነቱን ልንገርዎት፣ እትዬ፣ በርጫ ላይ ነበርኩ። ጥሩ ጫት ደርሶን…»

«ሜዳውን ለማን ትተህ?»

«ለአላህ።»

«የኖራ መጋዘኑን ማን ይከፍታል?»

«መስመር ማስመሪያው ኖራና ጋሪው ያለበትን? አንዱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ አንዱ አቶ ደረጀ ጋ። ሌላ የለም፣ ወላሂ!»

ባየች አላመነችውም። እሷ እንኳን ዘበኛ፣ የእጅ ሰዓቷንም በጥርጣሬ ነው የምታየው።

ጣቢያው በር ላይ የሶፊ እህት ሳጂዳ የምግብ ሳህን ታቅፋ ጠበቀቻት። «ወንድሜ ዶሮ ሲታረድ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው! ከሰዓት በኋላ ወስደው ከዘጉበት ልጆቹን ማን ያበላል?»

ሶፊ ግንቡን ተደግፎ ተቀምጧል።

«ከህሩይ ጋር የተጣላችሁት መቼ ነው?»

«ባለፈው እሁድ። አንቺ አልሰማሽም እንዴ? ከተማው ሁሉ ሰምቷል! ጨዋታው እንደተጀመረ የግብር ሰብሳቢ ተላላኪ አልኩት። ተነሣና በሰው ሁሉ ፊት በአሰቦት ሥላሴ ማለ፤ ክለቡ ግብሩን እስኪከፍል እዚህ ጥላ ውስጥ እግሬ አይረግጥም አለ። ወገኖቹን ይዞ ማዶ ፀሐዩ ጋ፣ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። ጎል ሲገባ ወዲያና ወዲህ ሆነን ለየብቻ ጮኽን።» ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። «አቦ፣ እንደዚያ ዓይነት አስቀያሚ ጎል አይቼ አላውቅም።»

ባየች ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀችውም። ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ሁሉም ሜዳው ላይ እንዲሰበሰብላት ኮማንደሩን ለመነችው። የተጠሩት ጥቂት ነበሩ፤ ያልተጠራው ጭሮ ግን ግልብጥ ብሎ መጣ። አጥሩ አለመውደቁ ተአምር ነው።

«አቶ ደረጀ» አለች፣ «ጠዋት የነገሩኝን ይድገሙልኝ። ባለፈው እሁድ ጎሉ ሲገባ ህሩይ የት ነበር?»

«ነገርኩሽ እኮ። እዚሁ፣ ሶፊን አቅፎ ሲጨፍር።»

ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ ፈነዳ። አቶ ደረጀ ያሳቀው ነገር አልገባቸውም።

«ህሩይ ይህን ደረጃ አልወጣም» አለች ባየች። «ጫማው ጭቃ ነው፤ ደረጃው ንጹሕ። ጭቃ ያለው ማዶ፣ ፀሐዩ ጋ ነው። ጨርቁን ሊሰቅል የመጣው እዚያ ነው፤ የተመታውም እዚያ። ማዶ ግን የአፈር ክምር ብቻ ስለሆነ ወድቆ ሞተ ቢባል ማንም አያምንም። ገዳዩ ከፍ ያለ ቦታ ፈለገ። በኖራው ጋሪ ጭኖ አመጣው፤ ጀርባው የነጣው ለዚህ ነው። ጨርቁንም ጫማውን አውልቆ ወጥቶ ጫፉ ላይ አሰረው። ሶፊ የመጋዘኑ ቁልፍ የለውም። ያላቸው አያናና አቶ ደረጀ ናቸው።»

«እኔ በርጫ ላይ…!» አያና ጮኸ።

«ዝም በል፣ ገና አልጨረስኩም። አያና፣ ባለፈው እሁድ ህሩይ ሲምል ሰምተሃል?»

«እንዴት አልሰማም? አጠገቡ ነበርኩ።»

«እንግዲህ መሐላውን የሰማ ሰው፣ በአሰቦት ሥላሴ የማለን ክርስቲያን እዚህ ጥላ ሥር ጥሎ ወድቆ ነው አይልም። ጭሮ ውስጥ ሕፃን እንኳ አያምነውም። እዚህ ያመጣው መሐላውን ያልሰማ ነው። አቶ ደረጀ፣ የእሁዱን ጨዋታ አላዩም።»

«እኔ ሥራ አስኪያጁ!»

«ጌታዬ» አለ አያና፣ እየተንተባተበ፣ «መኪናዎ ፊሽካ ሳይነፋ ወጥታለች። ሁልጊዜም እንደዚያው ነው። በሩን የምከፍተው እኔ አይደለሁ?»

«በሳምንቱ ውስጥስ መሐላውን የነገረኝ ሰው ቢኖር…» ብለው ጀመሩና አቆሙ።

«ማን ይንገርዎት?» አለች ባየች። «ከደጋፊ ጋር መቼ ያወራሉ?»

አቶ ደረጀ መሐረባቸውን ፈለጉት፤ አሁን የምር ላብ ነበራቸው። «ጥያቄውን እንዲተው ለመንኩት እኮ! ግብሩ ቢጣራ ክለቡ ይፈርሳል!»

«ክለቡ ነው ወይስ አበሉ በእጅዎ ሲያልፍ እጅዎ ላይ የሚቀረው?»

ኮማንደር መኮንን የሶፊን ካቴና ፈታና ለእሳቸው አጠለቀላቸው።

ሳጂዳ ወንድሟን ክንዱን ይዛ ጎተተችው። «ና፣ ልጆቹ እየጠበቁህ ነው።» እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«የህሩይን ጥያቄ እሁድ ጉባኤው ላይ ማን ያነሣዋል?»

«የሚያነሣው ያንሣው። አንተ ምን ቤት ነህ? ግብር ሲባል ራስህን የሚያምህ!»

«አሁንም ያመኛል» አለ ሶፊ። «ግን አነሣዋለሁ።»