ከመጽሐፉ ማዶ

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ። በእናቴ በእማሆይ ወለተሐና ተዝካር ላይ መጽሐፍ የሚያነብ ሁሉ፣ የመጽሐፉን ራስ ወደ ላይ፣ እግሩን ወደ ታች አድርጎ ያንብብ። ይህን የተላለፈ ይቀጣል።»

አዋጁ ሲነገር ነጋሪት አልተጎሰመም። ያወጀው አጎት ወልደሩፋኤል ነው፤ የቆመውም አንኮበር ውስጥ በገዛ ግቢው የማገዶ ክምር ላይ ነው። የሰሙትም እህቱ በሰለች፣ አንዲት ፍየል እና አዋጁ የወጣበት የዐሥራ አራት ዓመቱ ዘርአ ዳዊት ናቸው። ፍየሏ ሳያልቅ ሄደች። ዘርአ ዳዊት ግን መሄጃ አልነበረውም።

አያቱ እማሆይ ወለተሐና ዐይናቸው እስኪደክም ድረስ የሰፈሩን ልጆች ፊደል ሲያስቆጥሩ የኖሩ ናቸው። ልጆቹ ሁሉ «የኔታ» ይሏቸው ነበር። ሴት እንዴት የኔታ ትባላለች ብሎ ያልተቆጣ ካህን አልነበረም። ከዚያ የባሰው ግን የአነባበባቸው ነገር ነው፤ እማሆይ መጽሐፍ የሚያነቡት ገልብጠው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፍ ብርቅ ስለሆነ አራት አምስት ልጅ አንዱን ከብቦ ይማራል። ከመምህሩ ጎን የተቀመጠ ፊደሉን ቀጥ ብሎ ያየዋል፤ ከማዶ የደረሰው በአናቱ ተተክሎ ያገኘዋል። ወለተሐና ልጅ ሳሉ አባታቸው ወንዶቹን ሲያስተምሩ፣ እሳቸው ከማዶ ተቀምጠው ጥጥ እንዲፈትሉ ታዘው ነበር። እጃቸው እንዝርቱን ሲያሾር ዐይናቸው ፊደሉን ለቀመ። አባትየው ሲነቁ ልጅቱ ማንበብ ችላ አድራለች፤ ግን በግልባጭ። እንደዚያው ኖረው እንደዚያው ሞቱ።

ገልብጦ የሚያነብ ሰይጣን ይጠራል ተባለ። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች በደጃቸው ላለማለፍ ዳገቱን ዞሩ። ልጆቻቸውን መላክ ግን አልተዉም፤ እማሆይ ሰይጣን ቢጠሩም ልጅ ቶሎ ያስነብባሉ።

ዘርአ ዳዊትን ጎናቸው ነበር የሚያስቀምጡት። ለፍቅር አይደለም፣ ለአርጩሜው እንዲቀርብ ነው። ስለዚህ እሱም በግልባጭ ለመደ። አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ብለውት አያውቁም። ሳይሳሳት ገጹን ሲጨርስ «ቀጥል» ይሉታል፤ ሲሳሳት አርጩሜው ይቀጥላል። ሲሞቱ አላለቀሰም፤ ለዚህም አጎቱ በጥፊ መትቶታል።

ከማገዶው ክምር ሲወርድ አጎቱ የቀረውን ነገረው። መሪጌታ ገብረ ጻድቅ በተዝካሩ ላይ ተነስተው፣ ወለተሐናን ከጎናቸው አስቀምጠው ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው መሆናቸውን ይናገራሉ። ልጁ መጽሐፉን ቀጥ አድርጎ ካነበበ በኋላ «እውነት ነው» ይላል። በዚህ የሰይጣኑ ወሬ ይቀበራል፣ ቤተሰቡም ይከበራል። መሪጌታም ልጁን ዜማ ቤታቸው ይቀበሉታል። ዘርአ ዳዊት ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ቤት አጥር ስር ቆሞ ዜማ ሲሰርቅ የኖረ ነው፤ አጎቱም ይህን ያውቃል።

«ውሸት እኮ ነው፣ ጋሼ» አለ ልጁ።

«የሞተ ሰው አይቆጣም። እምቢ ካልክ ደነባ ሄደህ ለአማቾቼ በሬ ትጠምዳለህ። ደግሞስ አንተን መቼ ወደደችህ?»

አጎቱ ቢላ የት እንደሚገባ ያውቅ ነበር።

አክስቱ በሰለች ሊጥ ከምታቦካበት ቀና ሳትል ሰማቻቸው። ወንድሟ ሲወጣ፣ እናቷ እንድታስተምር ቤቱን ስትሸከም የኖረችው እሷ መሆኗን፣ እሷን ግን ከመጽሐፉ ማዶ እንኳ ያስቀመጣት እንደሌለ በምሬት ተናገረች። ዘርአ ዳዊት ከወንድሟ ጋር መሆኗን ሲያስብ እጇን ከሊጡ አወጣች።

«እኔ ለእሷ ጥብቅና አልቆምም» አለች። «ግን መሪጌታው አላስተማሯትም። ከጎናቸው ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ቀጥ አድርጋ ታነብ ነበር። ይሄ ለማንም አይጠፋውም፤ የሚጠፋው ለፈለገ ነው።»

ተዝካሩ እስኪደርስ አጎቱ በየማታው እያስነበበ ቀጥ ማድረጉን አረጋገጠ። ልጁም ቻለ። መቻሉ ልጁን ራሱን ይበልጥ አናደደው።

በተዝካሩ ዕለት ዳሱ ጢም አለ። ዳገት ይዞሩ የነበሩት ሴቶች ከሁሉ በላይ አለቀሱ። ከወዲያ ጥግ የእማሆይ የድሮ ተማሪዎች፣ ሸማኔውም በቅሎ ነጂውም፣ ጠላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ተነሱ። ከሟቿ አባት ዘንድ አብረው መማራቸውን ዘለሉት፤ በዚያ ጊዜ «ይህች ልጅ እያየችብን ነው» ብለው የከሰሱት እሳቸው መሆናቸውንም ዘለሉት። ይልቅ አንዲት ምስኪን ልጅ በቀኛቸው ተቀምጣ፣ እሳቸው በትዕግሥት ጣቷን ይዘው ከፊደል ወደ ፊደል ሲመሯት የሚያሳይ ታሪክ ተረኩ። በራሳቸው ትረካ ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

«አሁን የልጅ ልጇ ያነብልናል፣ ይመሰክርልናልም» አሉ።

ዘርአ ዳዊት መጽሐፉን ተቀበለ። ቀጥ አድርጎ ዘረጋው። አጎቱ ራሱን ነቀነቀለት። ፊደሎቹ ሁሉ እንደ አዋጁ በእግራቸው ቆመዋል። ከብራናው ዳር፣ በግራ በኩል፣ የአያቱ አውራ ጣት ሲይዘው የኖረበት ቅባት የጠጣ ጥቁር ቦታ አለ። መጽሐፉ ቀጥ ሲል ቦታው ከላይ ሆነ፤ የማንም እጅ የማይደርስበት ጥግ ላይ።

አዞረው። አውራ ጣቱ ጥቁሩ ቦታ ላይ አረፈ። ማንበብ ጀመረ።

ልቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ። አንዲት ሴት አማተበች። የመጀመሪያውን ገጽ ሳይሳሳት ጨርሶ ቀና ሲል ከዳሱ ጥግ፣ ከእማሆይ ተማሪዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሸማኔ አባ ወልደ ሰንበት ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ቀጥል» አሉት።

«ቆይ» አሉ መሪጌታ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። «ልጄ፣ መጽሐፉ ተገልብጦብሃል።»

«አልተገለበጠብኝም።»

ፈገግታው ጠፋ። አጎት ወልደሩፋኤል ከመቀመጫው ግማሽ ተነስቷል፤ ደነባ ከነበሬዎቹ ፊቱ ላይ ይታያል።

«ታዲያ ማን እንዲህ መያዝ አስተማረህ? ለምንስ ነው? እዚህ በሕዝቡ ፊት አስረዳን» አሉ መሪጌታ።

ዘርአ ዳዊት ገጹን ገለጠ።

«አላስረዳም» አለ።