የሚያፏጨው ዘበኛ

ጡረታ የወጣው የጥርስ ሐኪም በጓሮ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ከራሱ አጠገብ ደም የነካው፣ እንጨት ጨብጦ የሚይዝ የብረት ሞርሳ ወድቋል። ከበላዩ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ እንጨት የሚቀርጽባት በኮምፒውተር የምትታዘዝ ትንሽ ፍሬዛ ራሷን ከሐዲዷ ጫፍ አሳልፋ ቆማለች። ሁሉም ነገር የሆነውን በራሱ አፍ የሚናገር ይመስል ነበር። መርማሪዋን ያላስደሰታትም ይኸው ነው፤ በራሱ አፍ የሚናገር ዕቃ ብዙ ጊዜ አስጠኚ እንዳለው ታውቃለች።

ባልደረቦቿ «ቆይማ» ይሏታል። ሰው ሲቸኩል የምትለው እሱን ብቻ ነው።

«ግልጽ አደጋ ነው» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም። ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ተጠርቶ እንደመጣ ወገቡ ላይ የመሣሪያ ቀበቶው አለ።

«ቆይማ። አስረዳኝ።»

«ይቺ ጥፍር የምታክል ቁልፍ ሊሚት ስዊች ትባላለች። የማሽኑ ራስ ዳር ሲደርስ ይነካታል፤ ማሽኑ ይቆማል። ሽቦዋ ግን ይኸው ተበጥሷል። ስለዚህ አልቆመም። ሄዶ ሄዶ ዳር ላይ የነበረውን ሞርሳ ገፋው። ወንድሜ ከታች አጎንብሶ ነበር። አለቀ።»

«ማን ገጠማት?»

«እኔ። ከተጣላን ወዲህ ግን ይህን ደጃፍ አልረገጥኩም።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ማሽኔ ያለምክንያት እየቆመ አስቸገረኝ ብሎ ፋብሪካ ድረስ ሄዶ ለአለቃዬ ተናገረ። ‹ይህን ልጅ ሽቦ አታስነኩት› አለ። ተባረርኩ። ለማንኛውም ወንድም ነው፤ አፈሩን ያቅልልለት።»

ይህን ያለው አንድ ጋሪ አፈር ሊጨምርበት ባሰበ ሰው ድምፅ ነው።

በግድግዳ የሚዋሰኑት ጡረተኛ ዳኛ መርማሪዋን በራቸው ላይ አቁመው አነጋገሯት።

«አዝኛለሁ ልበል ወይስ እውነቱን?»

«እውነቱን።»

«ያ ማሽን ጭንቅላቴን ሲፍቅ ነው የሚውለው። ዛሬም ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ነው የዋልኩት። ከመድፈኔ በፊት ግን ሚስትየው ስትጮህበት ሰምቻለሁ፤ ‹እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ› ስትለው። ይመዝገብልኝ።»

«እሱ ማነው?»

«ጥጡን የከተትኩት እዚያ ላይ ነው።»

«ክፍሉ ውስጥ ገብተው ያውቃሉ?»

«አንድ ቀን ማሽኑን ላበላሽ ገብቼ ነበር። ሽቦው እንደ አንጀት ተዘርግፎ አየሁት። የቱን እንደምነቅል ጠፋኝና ተመለስኩ።» ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አደጋ ካልሆነ ግን ሩቅ አትሂጂ። ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት።»

ሚስትየው የፊዚክስ መምህርት ናት። ሳሎን ውስጥ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ፊት ተቀምጣለች፤ ቀይ እስክሪብቶዋን ከእጇ አላወጣችም።

«የተበጠሰውን ሽቦ አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዋርሳዬ አደጋ ነው ብሏል። አደጋ ይሁን።»

መርማሪዋ የተሳሳተ መልስ ሰምቶ ዝም የሚል አስተማሪ አይታ አታውቅም። ተመልሳ ወደ ጓሮው ክፍል ገባች። ወደ ኋላ መተላለፊያ የሚያስወጣው በር አልተቀረቀረም። የማሽኑን ራስ በእጇ ገፍታ መሃል ላይ አደረገችው። ማሽኑን አበራች፣ አጠፋች፤ ሽቦውን ነካካች፣ መልሳ ለያየችው። ከዚያ ሁሉንም አስጠራች።

ሦስቱ ሦስት ማዕዘን ይዘው ቆሙ፤ ማንም ከማንም አጠገብ መሆን አልፈለገም።

«ሽቦው አልተበጠሰም» አለች መርማሪዋ። «የተበጠሰ እንዲመስል ጫፉ ተንጨባሯል እንጂ ሥሩ ላይ የፒንሳ ጥርስ ምልክት አለ። ቆራጩ ከዚህ ሁሉ ሽቦ መሃል የሊሚት ስዊቹን ለይቶ ያውቃል። ጋሼ ዳኛው የቱን እንደሚነቅሉ የጠፋቸው ሰው ናቸው።»

«ይህ ስድብ ነው» አሉ ዳኛው።

«ነፃም ያወጣዎታል፤ ቢቀበሉት ይሻላል።» ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞረች። «ስትገጥመው እንዴት ነበር?»

«ሽቦው ባዶውን ይቀመጣል። ስዊቹ ሲነካ ብቻ ኤሌክትሪክ ያልፍበትና የማሽኑ መቆጣጠሪያ ሳጥን ‹ቁም› ይላል። ሽቦው ከተቆረጠ ሳጥኑ ምንም አይሰማም።»

«ሌባ ሲያይ ብቻ እንደሚጮህ ዘበኛ። ዘበኛው ከሞተ የሚነግርህ የለም።»

«እንደሱ።»

«እስቲ አስኪዳት።»

አበራ። የመቆጣጠሪያው ስክሪን ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ወጣ። የመሄጃውን ቁልፍ ተጫነ፤ ማሽኑ አልነቃነቅም አለ። ደግሞ ተጫነ።

«አትሄድም» አለ ተበሳጭቶ። «ሽቦው ተቆርጧል እኮ።»

ከአፉ የወጣውን ለመስማት ከሁሉም የዘገየው ራሱ ነበር።

«አዎ፣ ተቆርጧል» አለች መርማሪዋ። «ሽቦው ከተቆረጠ ይቺ ማሽን እንኳን ሞርሳ ዝንብ አትገፋም። አንተ ከሄድክ በኋላ አሠራሩ ተቀይሯል። አሁን ኤሌክትሪኩ ሁልጊዜ ያልፍበታል። እያፏጨ የሚዞር ዘበኛ ሆኗል፤ ስዊቹ ቢነካም፣ ሽቦው ቢቆረጥም ፉጨቱ ይቆማል፤ ቤቱ ይነቃል።»

«ማነው የቀየረው?» አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

«እኔ» አለች ሚስትየው።

«ገዳይዋ እሷ ብትሆን ኖሮ» አለች መርማሪዋ፣ «ሽቦውን አትቆርጥም። ሁለቱን መስመር እርስ በርስ ታገናኝና ፉጨቱን ታስቀጥላለች፤ ማሽኑ ያኔ ነው ዳሩን አልፎ የሚሄደው። አዲሱን የሚያውቅ አይቆርጥም። ምንም የማያውቅ የቱን እንደሚቆርጥ አያውቅም። የቆረጠው የድሮውን ብቻ የሚያውቅ ነው። በሞርሳው ከመታው በኋላ የማሽኑን ራስ በእጁ ገፍቶ ዳር አደረሰና የራሱን ሥራ ምስክር ጠራ። ፒንሳህን አምጣ፤ ከሽቦው ጋር ይተያያሉ።»

ኤሌክትሪሺያኑ እጁን ወደ ቀበቶው ሰዶ እዚያው ተወው። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ መጥቶ ፒንሳውን አወጣለት።

«አንቺ ግን አውቀሻል» አለች መርማሪዋ ለሚስትየው። «ለምን ዝም አልሽ?»

«አደጋ ካልሆነ ቤት ውስጥ የነበርኩት እኔ፣ ጠዋት የጮህኩትም እኔ። ዋርሳዬ እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ ሲገባ ግን አላየሁትም። ማን ያምነኛል?» ዳኛው ጫማቸውን ተመለከቱ።

«ሥራዬን አፈረሰው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ እጁ በካቴና ታስሮ። «ሳይነግረኝ።»

«ያፈረስኩት እኔ ነኝ አልኩህ» አለች ሚስትየው። «ወንድምህማ እስከ ዛሬ ጠዋት አያውቅም ነበር። ‹በድዬዋለሁ፤ ጠርቼው ራሱ ያስተካክለው፣ በዚያው እንታረቃለን› ሲል ነው የነገርኩት። ተቆጣኝ። ‹ባይሠራም እንዳስተካከለው አድርገን እናመሰግነዋለን› አለኝ። ለዚህ ነው የጮህኩት።»

መምህርቷ የተቆረጠውን ሽቦ ሁለት ጫፎች መልሳ ጠምዝዛ አገናኘችና የመሄጃውን ቁልፍ ተጫነች። የማሽኑ ራስ እያጉረመረመ ወደ ዳሩ ተጓዘ። ስዊቹን ነካ፤ ቀጭ አለ፤ ቆመ።