አንድ ጨዋታ ብቻ

በዚያ ኮሌጅ ሁለት ነገሮች አይታመኑም ይባል ነበር፤ የስፖርት አዳራሹ ጣሪያና የአሰልጣኙ ፈገግታ። ጣሪያው ዝናብ ባካፋ ቁጥር ያንጠባጥባል። አሰልጣኙ ፈገግ ካለ ደግሞ አንድ ሰው ጉድ ሊሆን ነው ማለት ነው።

የሚንጠባጠበውን ውሃ ማድረቅ የፍሬሾች ሥራ ነበር። የአንደኛ ዓመት ተጫዋች ሆኖ ከዚህ የሚያመልጥ የለም። የወንዶቹም የሴቶቹም ቅርጫት ኳስ ቡድን ፍሬሾች ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ጨርቅ ይዘው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይወለውሉታል። ነባሮቹ ግድግዳ ተደግፈው «ኧረ እዚያ ጋ ቀርቷል! ዓይን የላችሁም እንዴ?» እያሉ ያላግጡባቸዋል።

እሷና እሱ የተገናኙት እንደዚያ ነው፤ አንድ ባልዲ መሀላቸው ተቀምጦ።

እሱን ከቁመቱ የተነሳ «ምሰሶ» ይሉታል። እሷን በግራ እጇ ስለምትወረውር «ግራኟ» ይሏታል። ግን ከዚያም በላይ የምትታወቀው «የአምበሉ እህት» በሚለው ነበር። የወንዶቹ ቡድን አምበል፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪው፣ ታላቅ ወንድሟ ነው።

«አንቺ የአምበሉ እህት ነሽ አይደል?» አላት ምሰሶ በመጀመሪያው ቀን ጨርቁን እየጨመቀ።

«የለም፤ እሱ ነው የኔ ወንድም» አለችው ቆጣ ብላ።

ቀና ብሎ አያትና ሳቀ። ሳቁ ከቁመቱ ጋር አይሄድም፤ የሕፃን ሳቅ ነበር። «ይቅርታ» አላት፤ «አምበላችን የግራኟ ወንድም ነው ማለት ነው።» የሷም ልብ እዚያው እርጥብ ወለል ላይ አዳለጠው። ነገሩ እውነት ነው፤ ሰው በዚህ ፍጥነት ይወዳል።

በዚያ ዓመት ቡድኑ ውስጥ ተስፋ የተጣለባቸው ፍሬሾች ሁለት ነበሩ። አንዱ ምሰሶ ነው። ሌላው «ጥይት» የሚሉት አጭር፣ ምላሰኛና እግረ ፈጣን ልጅ ነው፤ እሱን ቁመቱ ስላልረዳው ገና ከተቀያሪ ወንበር አልተነሳም። አሰልጣኙ ሁለቱን ሲያይ ለወጌሻው «እነዚህ ልጆች ጉልበታቸውን ከጠበቁ የኮሌጁን ስም ያስጠራሉ» አለው አሉ። ወሬ አይደበቅም፤ በማግስቱ ካፌው ሁሉ ሰማው።

ለምሰሶ ኳሱ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው አትክልት ነጋዴዋ አክስቱ ናት። ኮሌጁ የተቀበለው በኳሱ ነው፤ የሚተኛበት አልጋም፣ የሚበላውም፣ የሚማረውም በኳሱ ነው። «ኳሱ አባቴም እናቴም ነው» ይላት ነበር፤ እንደ ቀልድ፣ ግን ሳይስቅ።

አምበሉም ልጁን እንደ ታናሽ ወንድሙ ያዘው። የት እንደሚቆም፣ ተከላካይ ጀርባው ላይ ሲለጠፍበት እንዴት እንደሚዞር፣ ሁሉንም እጁን ይዞ አሳየው። ሁለቱ የሚጫወቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ወንድሟ በገዛ እጁ ተተኪውን እያሳደገ እንደሆነ ያላወቀ የለም፤ ራሱም ያውቀዋል።

እሷ ደግሞ ጫማ ማሰር ጊዜ ይፈጅባት ጀመር። የሴቶቹ ልምምድ አልቆ የወንዶቹ ሲጀምር ላይኛው መቀመጫ ላይ ወጥታ ከክሩ ጋር ትታገላለች። ጓደኞቿ «ክሩ አላልቅ አለ አይደል? እኛ እንሂድ እንግዲህ!» እያሉ ይስቁባታል። ምሰሶ ኳስ ባገባ ቁጥር ዓይኑን ወደ ላይ ወርወር ያደርጋል። ማንንም አይፈልግም፤ እሷን ብቻ ነው የሚፈልገው።

«ስትወረውሪ ምላስሽን እንደምታወጪ ታውቂያለሽ?» አላት አንድ ቀን፣ ዝናቡ እስኪያባራ ደረጃው ላይ ተቀምጠው።

«ውሸታም!»

«እውነቴን ነው። ኳሱ ከሳተ ቶሎ ትሰበስቢዋለሽ። ከገባ ግን ደስታው አስረስቶሽ እንዳወጣሽው ትቀሪያለሽ።»

በክርኗ ጎሸመችው። እጇን ያዘው። ዝናቡ ቢያባራም አልተነሱም።

እንዲህ እንዲህ እያለ የዓመቱ ማብቂያ ቀረበ። የመጨረሻውን ጨዋታ ለማየት ከትልልቅ ክለቦች ተጫዋች የሚመርጡ ሰዎች ይመጣሉ። ለመጨረሻ ዓመት ተማሪ ያቺ ቀን የሞት ሽረት ናት፤ የተመረጠ ተመረጠ፣ ያልተመረጠ ማልያውን አጥፎ ወደ ቤቱ ነው። ወንድሟን የሚጠብቀው የአጎታቸው ወፍጮ ቤት ነበር። አጎትየው «ልጁ ኳሱን ሲጨርስ ይምጣ፤ ሰው ያስፈልገኛል» ብሎ ልኮባቸዋል። ልብስ ሰፊዋ እናታቸው ግን ልጇ ባደገ ቁጥር ሱሪውን እያስረዘመች እስከዚህ ያደረሰችው ወፍጮ ቤት እንዲገባ አልነበረም።

ጨዋታው አንድ ሳምንት ሲቀረው አሰልጣኙ ፈገግ አለ። ፈገግ ብሎም የቋሚ ተሰላፊዎችን ስም ጠራ። በአምበሉ ቦታ ምሰሶ ተጠራ። ቀድሞ ያጨበጨበው አምበሉ ነው፤ ከዚያ የቀረውን ልምምድ ወንበር ላይ ዋለ።

በዚያ ቀን ግራኟ ቤት ስትደርስ ወንድሟ ጓሮ ቁጢጥ ብሎ ማልያውን ያጥባል።

«ምን ታጥባለህ? ወንበር ላይ አይደል የዋልከው?» አለችው። ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ ቀና ሳይል። ማልያው ላብ አልነካውም። ውስጥ ሲሰማ የነበረው የእናታቸው የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ።

«ልጄ፣ ለመጨረሻውማ ያስገባሃል አይደል?» አለች እናት በመስኮት ብቅ ብላ።

«ያስገባኛል እማዬ፤ ምን ጥርጥር አለው» አለ። ግራኟ ወንድሟ ሲዋሽ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ያንን ነገር ያሰበችውም ያኔ ነው።

በማግስቱ ምሰሶን ከአዳራሹ ጀርባ አገኘችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቆጣ።»

«በአንቺ መቼ ተቆጥቼ አውቃለሁ?»

«ቅዳሜ… አትግባ።»

ገና እየሳቀ ነበር። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ተወው።

«ቁርጭምጭሚቴ ዞረ በላቸው። አንድ ጨዋታ ብቻ! አንተ ገና ሦስት ዓመት አለህ። እሱ ግን ያለችው ያቺ ቀን ናት። አንተ ከሌለህ የሚገባው እሱ ነው፤ ሌላ በቦታችሁ ማን አለ?»

ኳሱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዘዋውር ጀመር። ዓይኗን አላያትም።

«ወንድምሽ ያውቃል?»

«ቢሰማ ይገድለኛል።»

«አክስቴ ልታየኝ ትመጣለች ቅዳሜ» አለ ቀስ ብሎ። «ስጫወት አይታኝ አታውቅም።»

«እንግዲያው ተወው» የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጣ። ዋጠችው። እናቷን አሰበች፣ ላብ ያልነካውን ማልያ አሰበችና ዋጠችው።

«እሺ» አላት።

ዓርብ ልምምድ ላይ ወደቀ። ወጌሻው ቁርጭምጭሚቱን እየተጫነ «እዚህ ጋ ነው?» ሲለው «አዎ» አለ፤ ሌላ ቦታ ሲነካው «እዚህስ?» ሲለው ያንንም «አዎ» አለ። ወጌሻው ትክ ብሎ አየውና በፋሻ ጠቀለለለት።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እናት የስፌት ሱቋን ዘግታ መጥታለች። የምሰሶ አክስትም ካላት የተሻለውን ልብሷን ለብሳ ፊት ተቀምጣለች። አምበሉ ሰውነቱን አሟሙቆ፣ የጫማውን ክር ጠበቅ አድርጎ ተዘጋጀ። አሰልጣኙ ወደ ወንበሩ ዞረ። ዓይኑ አምበሉ ላይ አረፈ፤ አምበሉ ብድግ ሊል ነበር። ዓይኑ አለፈው።

«ጥይት፣ ተነስ! ረጅማችን ከሌለ በፍጥነት ነው የምንጫወተው።»

ይህን እሷም አላሰበችው፣ ምሰሶም አላሰበው። የሁለት ፍሬሽ ሂሳብ ነበራ! የአሰልጣኝ ሂሳብ ሌላ ነው።

ጥይት እንደ ስሙ ሆኖ ዋለ። ሰው ቆሞ አጨበጨበለት፤ ከክለብ የመጡት ሰዎች ጠርተው አነጋገሩት። አምበሉ ጨዋታው እስኪያልቅ ፎጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ምሰሶ ደግሞ ጤነኛ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ አክስቱ አጠገቡ ተንበርክካ «በጣም ያምሃል የኔ ልጅ?» እያለች ፋሻውን በቀስታ ታሽለታለች። ወደ ላይኛው መቀመጫ ቀና አለ። ግራኟ ዓይኗን ሰበረች።

ቤት ሲደርሱ ወንድሟ እናቱን ሲያጽናና አመሸ። «የኔስ የዕድሜ ነገር ነው» አለ፤ «ያሳዘነኝ ያ ልጅ ነው። ደግሞ በዚች ቀን መጎዳት!»

ግራኟ አልቻለችም። እያለቀሰች ሁሉንም ዘረገፈችለት።

ወንድሟ እስከ መጨረሻው ሰማት። «ለእኔ ብለሽ ለመንሽው?» አለ። «እኔን ለማኝ አደረግሽኝ? በገዛ ቦታዬ?» ጠዋት ተነስቶ በቀጥታ አሰልጣኙ ዘንድ ሄደ። እውነት የተናገረ ሰው ነገር ያቀናል ብሎ የሚያምን ልጅ ነበር።

«ልጁ አልተጎዳም፤ ጥፋቱ የእህቴ ነው፣ ስለዚህ የኔ ነው። እኔን ይቅጡኝና የክለብ ሰዎቹ ሳይሄዱ እሱን ያሳዩልኝ» አለው።

አሰልጣኙ ፈገግ አለ።

«ዛሬ ለፍቅር ብሎ ጨዋታ የሸጠ፣ ነገ ለገንዘብ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ልጅ ቡድኔ ውስጥ አይውልም።»

አምበሉ ቢለምን፣ እግሩ ላይ ቢወድቅ፣ ወይ ፍንክች። ምሰሶ ከቡድኑ ወጣ። ከቡድኑ የወጣ አልጋውም ትምህርቱም አብሮት ይወጣል። እነሆ፣ አንድም ክፉ ሰው በሌለበት አንድ ልጅ እንዲህ ተሰበረ።

መናኸሪያ ስትደርስ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ይቅርታ ልትለው ነበር የመጣችው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ለምን እምቢ አላልከኝም?»

«ትጠይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«አልጠላህም ነበር።»

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለና ሊስቅ ሞከረ። አልመጣለትም። «ወንድምሽን እንዳትቀየሚው። ሊያድነኝ ነበር።»

«አብሬህ ልሂድ» አለችው እጁን ይዛ። «ትምህርቱም ይቅርብኝ። ነገ ከቡድኑ እወጣለሁ፤ አንተ የሌለህበት ሜዳ ምን ያደርግልኛል?»

«ዝም በይ!» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያቸው። «የኔው አይበቃም?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እጇን ግን አልለቀቀም።

«እወድሻለሁ። ይህን አልዋሽሽም። ግን ዓይንሽን ባየሁ ቁጥር አክስቴ ጤነኛ እግሬን ስታሽ ነው የምትታየኝ። ነገም እንደዚያው ነው። እንዲህ ሆኜ ካንቺ ጋር ብኖር ቀስ በቀስ እጠላሻለሁ፤ እሱን ደግሞ አልፈልግም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ንገረኝ፤ ምን ላድርግ?»

«አንድ ነገር ልለምንሽ።»

«የፈለግከውን።»

«ተጫወቺ። እስከ መጨረሻው ዓመት ተጫወቺ። እኔን ግን አትፈልጊኝ፤ እኛ ከተማም አትምጪ።»

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። መንገደኛው እየተጋፋ ይገባል። ምሰሶ እስክትመልስለት ቆሞ ጠበቃት።

«እሺ» አለችው።

ተጫወተች። ጥሩ ተጫወተች፤ በመጨረሻው ዓመቷ እሷም አምበል ሆነች። ሰው ሲያጨበጭብላት ደስ ይላት ይሆን ብሎ የጠየቃት የለም። ደስ አይላትም ነበር።

ወንድሟ ከአጎታቸው ወፍጮ ቤት እየመጣ ጨዋታዋን ያያል። እንደዚያ ከመጣባቸው ቀናት በአንዱ ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ ጆሮው ጀርባ የቀረውን ዱቄት በጣቷ እየጠረገችለት ሳለ፣ ዓመታት ያላነሱትን ነገር አነሳው።

«ያ ልጅ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አክስቱ ዘንድ ነው። እዚያው ትምህርት ቤት ልጆች ኳስ ያሰለጥናል አሉ።»

«አግብቷል?»

«አላገባም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ እንጂ!»

«እንዳልመጣ ለመነኝ።»

«ሰው ሲከፋው ስንቱን ይላል!» አለ ወንድሟ ብርጭቆውን አስቀምጦ። «እንዲህ ያለው ልመና ይሰማል እንዴ? እምቢ አትይውም ነበር?»

«እሱ መቼ እምቢ አለኝ?» አለችው።